ስለ ቆዳ ክሊኒክ ድሬ ላይ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬ ውስጥ የግል የቆዳ ክሊኒክ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ያስከፍላሉ?» ነው። ቀጥሎ «ኤሲ አላቸው?» ይመጣል። ሙቀታችንን ለሚያውቅ ሰው ጥያቄው አይገርምም። እኔ ግን ነርስ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ ብዙውን ያሳለፍኩት ዕቃ ማምከኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰው ክሊኒክ ሲመርጥ የሚያየውና እኛ ውስጥ ያለን ሰዎች የምንፈራው ነገር ፈጽሞ አንድ አለመሆኑ ሁሌም ያሳስበኛል። በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ለሠርግ ብላ የእግሯን ፀጉር በሌዘር አስነስታ፣ ቅልጥሟ ላይ መስመር መስመር የሠራ ቃጠሎ ይዛ መጣች። ስታወራኝ፣ እውነት መስሏት የገባችበት ነገር ሁሉ ከሰው የሰማችው ነበር። እሱን አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ካቃጠለ እየሠራ ነው»

ይሄን ያለቻት ማሽኑን የያዘችው ሴት ናት። ቆንጠጥ ማድረግ ያለ ነው፣ ላስቲክ ተስቦ ቆዳ ላይ ሲለቀቅ እንደሚሰማው። መቃጠል ግን ሌላ ነው። ሌዘር የሚፈልገው ሜላኒንን፣ ማለትም ፀጉርንም ቆዳንም የሚያጠቁረውን ቀለም ነው። መሄድ ያለበት ወደ ፀጉሩ ሥር ነው፤ ቆዳው ራሱ ጠየም ካለ ግን ብርሃኑን መንገድ ላይ ይይዘዋል፣ ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1975 እ.ኤ.አ. ቆዳን ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መደበው፤ ዛሬ ምድቡ ስድስት ደርሷል፣ እኛም አብዛኞቻችን ወደ መጨረሻዎቹ፣ ጠቆር ወዳሉት እንጠጋለን። ለእንዲህ ያለ ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ሌዘር ነው፣ ጠልቆ ስለሚገባና የላይኛው ቀለም ብዙም ስለማይይዘው። 755 ናኖሜትር የሆነው አሌክሳንድራይት ለነጣ ያለ ቆዳ ነው የሚመቸው።

ስለዚህ «ማሽናችሁ ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዋናው ሥራ በፊት ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ቆዳው እንዴት እንደሆነ መታየት አለበት። ለልጅቷ አልተሞከረላትም። ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ መዋሏንም የጠየቃት የለም። መነጽር ሰጥተዋት እንደሆን ስጠይቃት «ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝ» አለችኝ። አቦ፣ መጨፈን አይበቃም! ለዚያ ሌዘር የተሠራ መነጽር ታካሚዋም፣ ባለሙያዋም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማድረግ አለበት።

«ጓንት አድርገዋል፣ በአልኮል ጠርገዋል፣ ንጹሕ ነው»

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፣ ሙያዬ ነው። ጓንት ያደረገ እጅ ስልክ ነክቶ ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ጓንቱ ምንም አልጠቀመም። አልኮል ደግሞ ብዙ ጀርም ይገድላል እንጂ ዕቃ አያመክንም፣ የባክቴሪያ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው ጠንክሮ የሚቆይበትን ቅርጽ፣ አይነካም። ቆዳ የሚበሳ ወይም ደም የሚነካ ዕቃ፣ አንዴ ተሠርቶበት የማይጣል ከሆነ፣ መጀመሪያ በሚገባ ይታጠባል፤ ከዚያ አውቶክሌቭ ይገባል፤ በ121 ዲግሪ የግፊት እንፋሎት፣ እንደ ማሽኑና እንደ ዕቃው አጠቀላለል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ፓኬቱ ላይ ያለው ቴፕ ቀለም መቀየሩ ሙቀት እንዳገኘው ብቻ ነው የሚናገረው። ማሽኑ በእርግጥ መግደሉ የሚታወቀው በስፖር ምርመራ ነው፣ ውጤቱም ይመዘገባል።

ይሄን ሁሉ የምለው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ዕቃ ላይ፣ ቢያንስ 7 ቀን ስለሚቆይ ነው። ደሙ በዓይን ላይታይ ይችላል። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ደም ከራስ ተወስዶ በመርፌ ፊት ላይ የሚደረገውን ሕክምና ይሰጥ የነበረ አንድ የውበት ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ደንበኞቹ በኤችአይቪ ተይዘው ተገኙ። ስም ያልተጻፈባቸው የደም ብልቃጦች ከምግብ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ መርፌው ፊታችሁ ከፓኬቱ ይውጣ፣ ሲያልቅም ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ሲጣል እዩ። የማይክሮኒድሊንግ (ቆዳ በጥቃቅን መርፌዎች የሚበሳበት ሕክምና) መርፌ ጫፍ «የራስሽ ነው፣ ለሚቀጥለው እናስቀምጥልሽ» ከተባላችሁ እምቢ በሉ።

«ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ የቆዳ ሐኪም ነው»

አይደለም። የቆዳ ስፔሻሊስት ከሕክምና ዲግሪው በኋላ ለዓመታት ስለ ቆዳ ብቻ የተማረ ነው። የክሊኒኩ የብቃት ማረጋገጫና የባለሙያው ፈቃድ ግድግዳው ላይ ይኑር፣ ቀኑም አይለፍ። የቆዳ ሕክምና የውበት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለም ወደ ሐረር በኩል ያለውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ቢሲዲሞን ያስታውስ፤ በ1957 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ የሥጋ ደዌ ረድኤት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ላሉት ሕሙማን ነበር።

«ክሬሙን ራሳቸው ቀምመው ነው የሰጡኝ»

ስሙ፣ መጠኑና የሚያልፍበት ቀን ያልተጻፈበት ብልቃጥ አትቀበሉ። ለማድያት ተብሎ በሚሰጥ ቅልቅል ውስጥ ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ፊት ያጠራል፣ ሰው ይደሰታል፣ ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲቆም ብሶበት ይመለሳል። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ማንጫ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ሊያጠራው የነበረውን ፊት መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ሜርኩሪ ካለበት ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል።

«ፍሪጅ አላቸው እኮ»

ያልተከፈተ ቦቶክስ (የፊት መጨማደድ ለመቀነስ የሚወጋው) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ድሬ ላይ በቀትር መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዴት እንደሚሆን እናውቃለን። ጄኔሬተር አለ? ፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር፣ በሩ ላይ በየቀኑ የሚሞላ ወረቀት አለ? ፊለር (ፊት ለመሙላት የሚወጋ) የሚወጉ ከሆነም አብዛኛውን ፊለር የሚያሟሟውን ሃያሉሮኒዴዝ እዚያው መያዝ አለባቸው፣ ምክንያቱም ፊለር ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ሊሞት፣ ዓይንም ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ፋርማሲ ሰው የሚላክበት ጊዜ የለም።

«ጥያቄ ማብዛት ሐኪሙን መናቅ ነው»

ጥሩ ሐኪም ራሱ ነው የሚያስጨንቃችሁ። እርግዝና አለ ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ፣ ጠባሳችሁ ያብጣል ወይ ይላል። ለብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን የምትወስድ ሴት ማርገዝ የለባትም፣ ካቆመችም በኋላ አንድ ወር መቆየት አለባት። እናንተም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ለምሳሌ ሂና። እኛ አካባቢ ለሠርግም ለዒድም እንቀባለን፤ ንጹሕ ሂና ብርቱካንማ ሆኖ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ በአንድ ሰዓት ጥቁር የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ተቀላቅሎበት ነው። እሱ እጃችሁን አሳብጦት ከሆነ እንደ ቤንዞካይን ያለ የሚቀባ ማደንዘዣም ሊያስቆጣችሁ ይችላልና ቀድማችሁ ተናገሩ።

ልጅቷ ወደዚያ ክሊኒክ ተመልሳ፣ የማሽኑ ዓይነትና የተጠቀሙበት ጉልበት የተጻፈበትን ካርዷን ጠየቀች። ካርድ አልወጣላትም ነበር። ደግነቱ የእግሯን ፎቶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በስልኳ ይዛለች። ማክሰኞ አብሬያት ስፔሻሊስት ጋ እንሄዳለን።