መኝታ ላይ መሽናት፦ ልጁ አውቆ የማያደርገው ነገር

አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ተኝቶ እያለ ሳያውቀው ሲሸና ሕክምናው ኢኑሬሲስ ይለዋል። ከዚያ ዕድሜ በታች ከሆነ ገና የዕድሜው ነገር ነውና እንደ ችግር አይቆጠርም። አምስት ካለፈው በኋላ ግን በሳምንት ቢያንስ 2 ሌሊት እየሸና 3 ተከታታይ ወር ከዘለቀ፣ ወይም ነገሩ ልጁን እያሳፈረና እያስጨነቀው ከሆነ፣ ትኩረት ይፈልጋል። በ5 ዓመታቸው ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ሌሊት ይሸናሉ። በ7 ዓመት ቁጥሩ ከ5 እስከ 10 ይወርዳል፤ ከሚሸኑት ውስጥም በየዓመቱ 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ያለ ምንም ሕክምና ይተዉታል። ወንዶቹ ከሴቶቹ በእጥፍ ያህል ይበዛሉ። 40 ተማሪ ባለበት አንድ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ እንግዲህ ከሁለት እስከ አራት ልጆች ይህ ችግር አለባቸው። እያንዳንዳቸውም በዓለም ላይ እንዲህ ያለው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ያምናሉ።

ልጅን የሚጎዳው ከሽንቱ ይልቅ በሽንቱ ዙሪያ የሚደረገው ነው። ፍራሹ ጎረቤት በሚያየው ግቢ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ እህት ወንድም በተጣሉ ቁጥር «ሽንታም» የሚለውን ስድብ ይመዛሉ፤ ሁለት ሦስት ልጅ በአንድ አልጋ በሚተኛበት ቤት ደግሞ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ልጁ ቀስ በቀስ ዘመድ ቤት ማደር ይፈራል፣ እንቅልፍን ራሱን ይሸሻል፣ እርጥብ ልብሱን አልጋ ሥር ይደብቃል። ወላጅ ይህን ሲያይ «አውቆ ነው፣ ሰንፎ ነው» ይላል። አውቆ አይደለም። ባልነቃበት ሰዓት የሆነውን ነገር በዱላ ማስተማር አይቻልም፤ ቅጣቱ የሚጨምረው ፍርሃትን ብቻ ነው።

ለምን ይሆናል

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገሮች ይገናኛሉ። የመጀመሪያው ሆርሞን ነው፦ ሌሊት አንጎል የሚያመነጨው ቫሶፕሬሲን ኩላሊት ሽንት እንዲቀንስ ያዝዛል፤ በአንዳንድ ልጆች ይህ ሆርሞን በበቂ መጠን አይወጣም። ሁለተኛው የሽንት ፊኛው የመያዝ አቅም ነው። ሦስተኛውና ወሳኙ፣ ፊኛው ሲሞላ የሚልከው መልእክት ልጁን አለማንቃቱ ነው። «ቤት ቢፈርስ አይሰማም» የሚሉ እናቶች በትክክል ያስተዋሉትን ነው የሚናገሩት።

የፊኛውን አቅም ቤት ውስጥ መለካት ይቻላል። በዕድሜው ላይ 1 ደምሮ በ30 ማባዛት የሚጠበቀውን መጠን በሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ የ7 ዓመት ልጅ 240 ሚሊ ሊትር መያዝ አለበት ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድን ልኬት ባለው ጆግ እያሸኑ መመዝገብ ይበቃል፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሳ የሚሸናው ግን ከስሌቱ ይወጣል። ትልቁ መጠን እንኳ ከሚጠበቀው በጣም ካነሰ ፊኛው ቶሎ ይሞላል፣ ወይም ሳይሞላ ይኮማተራል። ለሐኪም ከየትኛውም ትረካ ይልቅ ይህ ወረቀት ይጠቅመዋል።

ዘርም አለበት። ሁለቱም ወላጆች በልጅነታቸው ይሸኑ ከነበረ የልጁ ዕድል 77 በመቶ፣ አንደኛው ብቻ ከነበረ 44 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ካልነበሩ 15 በመቶ ያህል ነው። «እኔም እስከ ስምንት ዓመቴ እሸና ነበር» የሚል አባት ለልጁ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ነገር ሰጠው።

አብዝቶ የሚረሳው ምክንያት የሆድ ድርቀት ነው። የሞላ ትልቅ አንጀት ከኋላ ፊኛውን ስለሚጫን ሽንት የሚይዝበት ቦታ ይጠብባል። ሦስት ቀን ሳይወጣ የሚቆይ፣ ሰገራው ደረቅና ወፍራም የሆነ፣ ወይም የውስጥ ሱሪው የሚቆሽሽ ልጅ መጀመሪያ ድርቀቱ መታከም አለበት። ውሃ ወይም በር የሌለው መጸዳጃ ቤት ባለበት ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ቀኑን ሙሉ አምቆ ይውላል፤ ድርቀቱም የፊኛው መዛባትም ከዚያ ይጀምራል። አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ልጅም ቶንሲሉ ይታይለት።

ደርቆ የነበረ ልጅ እንደገና ሲጀምር

ቢያንስ 6 ወር ደርቆ፣ ማለትም ሌሊት ሳይሸና፣ ከቆየ በኋላ እንደገና የጀመረ ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሽንቱ ከመጠየቅ በፊት በቤቱ ምን ተለወጠ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። አዲስ ሕፃን መወለዱ፣ የወላጆች መለያየት፣ የቅርብ ሰው ሞት፣ ከቀዬ መፈናቀል፣ ትምህርት ቤት መቀየር፣ ወይም እናት ለሥራ ዐረብ አገር ሄዳ ልጁ አያት ዘንድ መቅረቱ የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። ልጁ ሐዘኑን በቃል አይናገርም፤ ሰውነቱ ይናገርለታል። እናቱ የሄደችበትን ልጅ ስልክ የምትደውልበት ቀንና ሰዓት የታወቀ ቢሆን፣ ማን እንደሚያስተኛውና ማን ከትምህርት ቤት እንደሚቀበለው በየቀኑ ባይለዋወጥ፣ ጭንቀቱ ይረግባል። ስለ ሄደችው እናት በቤቱ ማውራትን መከልከል ግን ያባብሰዋል።

ልጁ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መሆን ከፈራ፣ ብልቱ አካባቢ ሕመም ወይም ቁስል ከታየበት፣ ወሲባዊ ጥቃት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል። ሳያስፈራሩና መልሱን በአፉ ሳይከቱበት ጠይቆ ወዲያው ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

አብዝቶ የሚጠማ፣ ቀንም ሌሊትም ብዙ የሚሸናና የሚከሳ ልጅ የስኳር በሽታ ሊሆንበት ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር። ትኩሳት ወይም ሲሸና ማቃጠል ኢንፌክሽንን፣ የእግር መድከም ወይም አረማመድ መለወጥ የነርቭ ችግርን ያመለክታሉ። ቀንም የሚያመልጠው ልጅ ሐኪም ሳያየው የሌሊቱን ብቻ ማከም ከንቱ ድካም ነው።

ቤት ውስጥ የሚሠራው

ውሃ መከልከል የተለመደው ስህተት ነው። ቀን ያልጠጣ ልጅ ማታ ጠምቶት ይጠጣል፤ ፊኛውም መለጠጥ አይለምድም። የቀኑን መጠጥ 40 በመቶ ጠዋት፣ 40 በመቶ ከሰዓት በኋላ፣ ቀሪውን 20 በመቶ ከ11 ሰዓት በኋላ ማድረግ ይሻላል። ከእራት ጋር የሚቀርበው ሻይ መቅረት አለበት፤ ቡናና ኮካም እንዲሁ። ቀን በየ2 እና 3 ሰዓቱ ይሽና፤ ከመተኛቱ በፊት አንዴ ሸንቶ፣ ጥርሱን ቦርሾ፣ ተመልሶ እንደገና ይሞክር።

አልጋው በድርብ ይነጠፍ፦ ላስቲክ፣ አንሶላ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክና ሌላ አንሶላ። ሌሊት ሲርስ የላይኞቹን ሁለቱን ብቻ መግፈፍ ነው፤ ከታች ደረቁ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የ7 ዓመት ልጅ ራሱ ሊገፈው ይችላል። እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ድርሻው ይሥራው፤ ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት ገላውን ይታጠብ፣ ሽታው እንዳያሳጣው። ማበረታቻ የሚሰጠውም እሱ ሊያደርገው ለሚችለው ነገር ነው፦ ውሃውን በሰዓቱ ስለጠጣ፣ ከመኝታ በፊት ስለሸና። ደርቆ ላደረበት ሌሊት ብቻ የሚሸለም ልጅ ባልደረቀበት ቀን ሁለት ጊዜ ይሸነፋል።

እኩለ ሌሊት ተሸክሞ ማሸናት አንሶላውን ያድናል፤ ልጁ እያንቀላፋ ከሸና ግን መንቃትን አያስተምረውም።

ከሁሉም የተሻለ ዘላቂ ውጤት ያለው እርጥበት ሲነካው የሚጮህ የማንቂያ ደወል ነው። ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሞውረር በ1938 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች በቀላሉ ያገኙታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደወሉ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ልጁን አይቀሰቅስም፤ አንድ ትልቅ ሰው አብሮት ተኝቶ ማንቃት አለበት። ልጁ ራሱ ደወሉን ያጠፋል፣ ተነሥቶ ቀሪውን ይሸናል፣ አንሶላውን ይቀይራል፣ መሣሪያውን መልሶ ያስራል። 14 ተከታታይ ደረቅ ሌሊት እስኪመጣ 2 ወይም 3 ወር ይፈጃል፤ ከሦስት ልጆች ሁለቱ ያህል ይደርቃሉ። አብዛኛው የሚከሽፈው ወላጅ በሦስተኛው ሳምንት ደክሞት ስለሚተው ነው። ደወሉ ከተወገደ በኋላ ሽንቱ ቢመለስ ያንኑ እንደገና መጀመር ነው።

ዴስሞፕሬሲን የተባለው ክኒን የጎደለውን ሆርሞን ይተካል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ብዙዎቹ ይመለሳሉ። ከመዋጡ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ መጠጥ መገደብ አለበት፤ አለዚያ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ ልጁን ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ትውከት ወይም ተቅማጥ በያዘው ቀን አይሰጥም። ክኒኑ በተለይ የሚጠቅመው ልጁ ከቤት ውጭ ለሚያድርባቸው ሌሊቶች ነው፤ መጠኑ እንዲታወቅ ግን ከጉዞው አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይሞከር።