ፕሪዘርቫቲቭ ምንድን ነው? (ቫይታሚን ኢ አይደለም)

«ፕሪዘርቫቲቭ የለውም፣ ግን ቫይታሚን ኢ ስለጨመርኩበት አይበላሽም።» ቤት ውስጥ ስለሚዘጋጁ የቆዳ ቅባቶች በሚወራበት ቦታ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር አላጣትም። ሰሞኑን ደግሞ ከእሬት ጄል፣ ከጽጌረዳ ውሃና ከአልሞንድ ዘይት የተሠራ ክሬም ሥር አገኘኋት፤ «ፍሪጅ ውስጥ 6 ወር ይቆያል» የሚል ተጨምሮባታል። የእሬት ጄል ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፣ የጽጌረዳ ውሃም ውሃ ነው። ክሬሙ ከግማሽ በላይ ውሃ ሆኖ ሳለ ውሃውን የሚጠብቅ አንድም ነገር የለበትም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀመር ማዘጋጀት ሥራዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ፕሪዘርቫቲቭ የሚባለው ምርቱ ውስጥ የገቡ ባክቴሪያ፣ እርሾና ሻጋታ እንዳይራቡ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ሶዲየም ቤንዞኤት፣ ፖታሲየም ሶርቤት፣ ፌኖክሲኢታኖል፣ ቤንዚል አልኮል የመሳሰሉት። ቫይታሚን ኢ፣ ማለትም ቶኮፌሮል፣ አንቲኦክሲዳንት ነው። ዘይት ኦክስጅን ሲያገኘው አንዱ ሞለኪውል ሌላውን እየነካ የሚሄድ የሰንሰለት ምላሽ ይጀምራል፤ ቶኮፌሮል መሀል ገብቶ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል። የዘይቱ ሽታ ቶሎ እንዳይቀየር ያደርጋል። ከባክቴሪያ ጋር ግን ምንም ጉዳይ የለውም።

ምርታችሁን የብረት በር ያለው ቤት አድርጋችሁ አስቡት። በሩን ዝገት ያሰጋዋል፣ ቤቱን ሌባ ያሰጋዋል። አንቲኦክሲዳንት የበሩ ቀለም ነው፤ ፕሪዘርቫቲቭ ዘበኛው ነው። በሩን በደንብ ቀለም ቀብቶ «እንግዲህ ሌባ አይገባም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቀለሙ ጥሩ ቀለም ይሆናል፤ ሌባው ግን የሚያየው ቀለሙን አይደለም። ዘበኛ ቀጥሮ በሩን ሳይቀባ የተወም እንደዚሁ ነው፤ ሌባ ባይገባም በሩ ይዝጋል። ዘይትም ውሃም ያለበት ክሬም ሁለቱንም ይፈልጋል። ደግሞ ቀለም ሲበዛ ይላጣል፦ ቶኮፌሮል ከልክ ሲያልፍ ኦክሲዴሽኑን (ዘይቱ በኦክስጅን መበላሸቱን) ከማቆም ይልቅ ሊያግዘው ይችላል። «ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት» የምትሉ፣ ጥንቃቄ አልሆነም። አብዛኛውን ጊዜ ከዘይቱ ክፍል ግማሽ በመቶ እንኳ ብዙ ነው።

መንገዱ ውሃ ነው። ሌባ ወደ ቤቱ የሚደርሰው መንገድ ካለ ብቻ ነው፤ ባክቴሪያም ሊጠቀምበት የሚችል ውሃ ከሌለ አይራባም። እኛ ይህንን የምንለካው የውሃ አክቲቪቲ በሚባል ከ0 እስከ 1 በሚሄድ መለኪያ ነው። ንጹህ ውሃ 1 ነው። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ0.91 በታች አይራቡም፤ ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ እስከ 0.86 ድረስ ይታገላል፤ ሻጋታ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ ከ0.60 በታች ግን የሚራባ ነገር የለም። ልብ በሉ፣ የሚለካው የውሃው ብዛት ሳይሆን ነጻ የሆነው ውሃ ነው። ማር ፈሳሽ ነው፣ ውሃም አለበት፤ ስኳሩ ውሃውን አስሮ ስለያዘው ግን ሻጋታ አያነሳም። ያንኑ ማር ለፊት ማስክ ብላችሁ በጽጌረዳ ውሃ ስታቀጥኑት መንገዱን ራሳችሁ ጠረጋችሁለት።

ስለዚህ ከዘይት፣ ከሰምና ከሺአ ቅቤ ብቻ የተሠራ፣ ጠብታ ውሃ የሌለበት ባልም ፕሪዘርቫቲቭ ባይኖረው አልከራከርም። እዚህ ላይ ቫይታሚን ኢ ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ለዚህ ነው «ፕሪዘርቫቲቭ የሌለው ሁሉ አደገኛ ነው» የሚሉትም የሚያናድዱኝ። አይኤስኦ 29621 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ የውሃ አክቲቪቲው ከ0.75 የማይበልጥ፣ አልኮሉ ከ20 በመቶ በላይ የሆነ፣ ወይም ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3 በታች ወይም ከ10 በላይ የሆነ ምርትን ዝቅተኛ ስጋት ያለው ብሎ ይመድበዋል። እንዲህ ያለው ቤት ዘበኛ ባይኖረውም ሌባ የሚመጣበት መንገድ የለውም።

ችግሩ ያንን ባልም እርጥብ ጣት የሚነካው ቀን ነው። ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የስኳር ስክራብ (ቆዳ ማሻሻ) አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ ላዩ ላይ ውሃ አቁሮ፣ ስኳሩ ጠርዝ ላይ ሟሙቶ፣ ክዳኑ ውስጡ በእንፋሎት ረጥቦ። ሻጋታው የሚጀምረው ውሃው ባቆረባት ቦታ ነው። ስክራብ የሚሠራ ሰው «ይህ እኮ ዘይትና ስኳር ነው» ሲል ሻወር ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ እንደሚቀመጥ ይረሳል። እኛ ቀመር ስናወጣ የምናስበው ፋብሪካው በር ላይ ያለውን ምርት ሳይሆን በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ነው። ቤት የምትሠሩም እንደዚያው አስቡ።

አሁን ወደ ፍሪጁ። ብርድ ሌባውን አይገድለውም፤ እርምጃውን ያዘገየዋል እንጂ። በ4 ዲግሪ ላይም እየተራቡ የሚውሉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ብርድ የለመደ ነው፣ ብዙ የሻጋታ ዓይነቶችም እንደዚሁ። ፕሪዘርቫቲቭ የሌለበት ውሃማ ነገር ፍሪጅ ውስጥ የሚገዛላችሁ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። በወር የሚቆጥር ሰው ካጋጠማችሁ በምን እንደለካው ጠይቁት። ፍሪጅ ለዘይት ግን ይጠቅማል፤ ሙቀቱ በቀነሰ ቁጥር ኦክሲዴሽኑም ይቀንሳል። እንደ ተልባና ሮዝሂፕ ያሉ ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ አሲድ የሚበዛባቸው ዘይቶች ፍሪጅ ቤታቸው ነው። ጆጆባ ከዘይት ይልቅ ፈሳሽ ሰም ስለሆነ፣ ኮኮናት ደግሞ አብዛኛው ሳቹሬትድ፣ ማለትም ኦክስጅን ቶሎ የማያጠቃው ስብ ስለሆነ ጨለማ ያለበት ቁም ሳጥን ይበቃቸዋል።

ለፍሪጅ የማይሆንም አለ። ክሬም በረዶ ከያዘው ውሃውና ዘይቱ ይለያያሉ፤ ቢቀልጥም ወደነበረበት አይመለስም። ሌላው ክዳኑ ሥር የሚጠራቀመው ጤዛ ነው፦ ባልሙን አውጥታችሁ ክፍል ውስጥ ከፍታችሁ ተጠቅማችሁ፣ መልሳችሁ ስትከቱት ውስጥ የገባው እርጥብ አየር ቀዝቅዞ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ባልሙ ላይ ይወርዳል። ውሃ የሌለውን ምርት ውሃ አጠጣችሁት። ፍሪጅ የምታስገቡት ከሆነ ትንሽ ትንሹን ለሳምንት የሚበቃውን በሌላ ዕቃ ቀንሱና ዋናውን አትከፋፍቱት። በነገራችን ላይ ሺአ ቅቤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እንደ አሸዋ ይቋጥራል። ይህ መበላሸት አይደለም፤ ከስቡ ክፍሎች መካከል ቶሎ የሚረጉት ለብቻቸው ስለሚረጉ ነው። አቅልጣችሁ በፍጥነት ብታቀዘቅዙት ይለሰልሳል። በየሳምንቱ «ተበላሸብኝ» ብሎ ደህና ሺአ የሚጥል ሰው አለ፤ የሻገተ የእሬት ክሬም የሚቀባው ደግሞ አይጥለውም።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ዓመታት ተጠቅሜ ምንም አልሆንኩም፣ ሲበላሽም ሽታው ይታወቃል» ብሎ ሞግቶኛል። የዘይቱ መበላሸት ሽታው ይታወቃል፣ ልክ ነው፤ ያ ግን ዝገቱ ነው። ሌባው ሽታ የለውም። በአንድ ግራም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ባክቴሪያ ኖሮበት ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጥሩ ሽታ ያለው ክሬም ሊሆን ይችላል። በአይኤስኦ 17516 መሠረት ለአብዛኛው ምርት የሚፈቀደው ከፍተኛው 1000 ነው፤ ለዓይን አካባቢና ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ደግሞ 100። ጤናማ ቆዳ ብዙ ነገር ይችላል፣ ስለዚህም «ምንም አልሆንኩም» ያለው ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ቆዳ፣ ኤግዚማ ያለበት ቆዳና ዓይን ግን እንደዚያ አይችሉም። ሱዶሞናስ አሩጊኖሳ የተባለው ባክቴሪያ ዓይን ውስጥ ሲገባ የሚያደርሰው ጉዳት ሽታ እስኪመጣ አይጠብቅም።

«የፈላ ውሃ ነው የተጠቀምኩት» የሚለውም መልስ አይሆንም። ማፍላት ቤቱን አንዴ መፈተሽ ነው፤ የገቡትን ታስወጣላችሁ፣ ስፖሮች (ሙቀት የሚቋቋሙ የተኙ ተሕዋስያን) ግን ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚገባውን ደግሞ የሚከለክል የለም።

«ኬሚካል አልፈልግም፣ የወይን ፍሬ ዘር ተዋጽኦ እጨምራለሁ» ለሚሉም አንድ ነገር ላንሳ፤ ግሬፕፍሩት ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ገበያ ላይ ያሉ 6 ተዋጽኦዎችን መርምሮ ነበር። 5ቱ ባክቴሪያን አቁመዋል፤ በእነዚያ በ5ቱም ውስጥ ቤንዜቶኒየም ክሎራይድ የሚባል ሰው ሠራሽ ፀረ ተሕዋስያን ተገኝቷል። ምንም ያልተጨመረበት ስድስተኛው ምንም አላቆመም። በሌላ በኩል ሰው የሚሸሸው ሶርቢክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1859 መጀመሪያ የተገኘው ከሮዋን ዛፍ ፍሬ ነው። ዛሬ የሚመረተው በፋብሪካ መሆኑ አይካድም፤ ሞለኪውሉ ግን ያው ነው። ጠንካራ ሽታ ያላቸው የዕፅዋት ዘይቶችም ቢሆኑ ባክቴሪያ ለማቆም የሚያስፈልገው መጠናቸው ብዙ ጊዜ ቆዳ የሚቆጣበት መጠን ነው። ሲቆዩ ደግሞ ይባስ፦ በእነዚህ ዘይቶች ውስጥ የሚገኙት ሊሞኒንና ሊናሎል የተባሉ የሽታ ንጥረ ነገሮች ኦክስጅን ሲያገኛቸው የሚፈጥሩት ሃይድሮፐርኦክሳይድ የታወቀ የአለርጂ ምክንያት ነው። የቲ ትሪ ዘይት ጠርሙስ ክዳኑ ላልቶ መስኮት ላይ ከከረመ ለቆዳ አትጠቀሙበት።

ሶዲየም ቤንዞኤት ገዝታችሁ ለምትጨምሩ ደግሞ ያልጠየቃችሁኝን ልንገራችሁ። ይህ ዘበኛ የሚሠራው አሲዳማ ሰፈር ውስጥ ነው። የሚሠራው ክፍሉ ቤንዞይክ አሲድ ነው፤ ፒኤቹ 4.2 ሲሆን ግማሹ ሥራ ላይ ነው፣ ፒኤቹ 6 ሲሆን ከ100 ከሁለት ያነሰው ብቻ ይቀራል። ቀሪው ደመወዝ እየበላ ተኝቷል። ፒኤች መለኪያ ወረቀት ሳትይዙ ቤንዞኤት ጨምሬበታለሁ ማለት የዘበኛ ዩኒፎርም መስቀል ነው። የሸክላ ማስክም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሸክላ ፕሪዘርቫቲቭን ወደ ራሱ ስቦ ያስቀረዋል፣ ከአፈርም ስፖር ይዞ ይመጣል። ደረቁን አስቀምጡ፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን በጥብጡ፣ የተረፈውን ድፉ።

ገዝታችሁ የምታስቀምጡት ፕሪዘርቫቲቭ ያለውም ቢሆን ዘበኛው አንድ ነው፤ በየቀኑ ሌባ በእጃችሁ ይዛችሁ ካስገባችሁበት ይደክማል። ደረቅ ማንሻ ወይም ፓምፕ ያለው ዕቃ ከጣት ይሻላል። ቡናማ ብርጭቆ ከግልጽ ብርጭቆ ይሻላል። ክሬም አለቀ ብላችሁ ውሃ ጨምራችሁ አታቀጥኑት፤ ፕሪዘርቫቲቩንም አብራችሁ አቀጠናችሁት።

ዕቃው ላይ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ውስጥ 6 ወይም 12 ከወር ምልክት ጋር ካያችሁ፣ የሚቆጠረው ከተከፈተበት ቀን ነው፣ ከተገዛበት አይደለም። የከፈታችሁበትን ቀን ታቹ ላይ ጻፉበት። ከቤት ለወጣ ክሬም ግን ያንን ቁጥር ከሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ አይቻልም። ቁጥሩን ከሚያስገኙት ሥራዎች አንዱ 5 ዓይነት ተሕዋስያን ሆን ተብሎ ምርቱ ውስጥ ተጨምረው እስከ 28ኛው ቀን ምን ያህል እንደቀሩ የሚቆጠርበት ፈተና ነው፤ ፈተናው የሚያገለግለው ለዚያ ቀመር ብቻ ነው። አንድ ዘይት ብትቀይሩ እንደገና ነው። ያልተፈተነ ውሃማ ክሬም ለዓይን አካባቢ፣ ለሕፃን ወይም ለቆሰለ ቆዳ አይሁን፤ ለራሳችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ያህል ሥሩ።