«መቼቱን ዝለሉት»፦ ስለ አሜሪካ ክልላዊ ልብ ወለድ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አልቀረም፦ መቼቱ የሚገለጽባቸውን የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዝለል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሰው መናገር ሲጀምር ነው። ምክሩ ለአንዳንድ መጽሐፍ ይሠራ ይሆናል። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) በኋላ ለተስፋፋው፣ «የአካባቢ ቀለም» ለሚባለው አጻጻፍ ግን ጭራሽ አይሠራም። ሜይን፣ ሉዊዚያና፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ነብራስካ፣ እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ዘዬና በራሱ ዛፍ መጻፍ የጀመረው ያኔ ነው። ዘልዬ ካለፍኩ በኋላ ተመልሼ ያነበብኩት ብዙ ስለሆነ፣ ራሴም ይዤያቸው የኖርኳቸውን ስህተቶች ነው የምዘረዝረው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መቼት ማለት ቦታው ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፤ መቼት የተሠራው «መቼ» እና «የት» ተጋብተው ነው። ብዙ አንባቢ «የት»ን ይዞ «መቼ»ን ይጥላል።

በ1899 የታተመውን የኬት ሾፓንን «ዘ አዌክኒንግ» እንውሰድ። ታሪኩ የሚጀምረው የኒው ኦርሊየንስ ባለጸጎች ሙቀቱን በሚሸሹባት ግራንድ አይል በተባለች የሉዊዚያና ደሴት ላይ ነው። ባለታሪኳ ኤድና አንድ እሑድ በጀልባ ተሻግራ ሼኒየር ካሚናዳ ወደምትባል የአጥማጆች መንደር ለቅዳሴ ትሄዳለች። ራሷን ያማትና አቋርጣ ትወጣለች፤ ማዳም አንትዋን የተባሉ ሴት ቤት አልጋ ተሰጥቷት ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ የምትጠይቀው ስንት ዓመት እንደተኛች ነው፤ ደሴቲቱ በሙሉ የተለወጠች መስላታለች። አብሯት የመጣው ሮበርትም ልክ መቶ ዓመት ነው ብሎ ይቀልድባታል።

ክፍል ውስጥ ይህን «የኤድና መንቃት ምልክት» ብለን አለፍነው። ስህተት አልነበረም። «መቼ»ውን ግን ማንም አላነሳልንም። ኦክቶበር 1893 ገና እንደገባ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ያን ጠረፍ መትቶ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ሼኒየር ካሚናዳ ከነዋሪዎቿ ግማሽ ያህሉን በአንድ ሌሊት አጣች፤ ከዚያም በኋላ እንደ ድሮዋ አልቆመችም። መጽሐፉ ሲወጣ ከጥፋቱ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። እና የዚያ አገር አንባቢ ኤድና «ደሴቲቱ ተለወጠች» ስትል ሲያነብ፣ በቀልዱ ይስቅ ነበር? ማዳም አንትዋን ያነጠፉላት አልጋ፣ ያቆዩላት ምግብ፣ በሩ ላይ ያለው ጥላ፣ ሁሉም ውሃ የበላው መንደር ዕቃ ነው። ሾፓን ስለ አውሎ ነፋሱ አንዲት ቃል አልጻፈችም። ዝም ማለቷ ነው እኔን የሚያስደነግጠኝ።

«ትእምርት መዝገበ ቃላት አለው»

ትእምርት ማለት ከራሱ አልፎ ሌላ ሐሳብ የሚወክል ነገር ነው፤ ነጭ ወፍ ንጽሕና፣ ዛፍ ተፈጥሮ፣ ባሕር ነጻነት። እኔም ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ማርኩንም አላጣሁም።

የሣራ ኦርን ጁዌት «ኤ ዋይት ሄረን» (1886) ላይ ግን ሽምደዳው አያስኬድም። ሲልቪያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ሜይን ገጠር ውስጥ ከአያቷ ጋር ላም እየጠበቀች ትኖራለች። አንድ ወፍ ሰብሳቢ ወጣት ጠመንጃውን አንግቶ ይመጣና እግረ ረጅሙ ነጭ የውሃ ወፍ ጎጆው የት እንደሆነ ላሳየው 10 ዶላር እሰጣለሁ ይላል። ለዚያ ቤት ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ልጅቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ትልቁን ጥድ ትወጣለች። በቀጥታ አይደለም፤ መጀመሪያ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ትወጣና ከላይኛው ቅርንጫፍ ወደ ጥዱ ትሻገራለች። ከጫፉ ላይ ሆና ፀሐይ ያረፈችበትን ባሕር ታያለች፤ ወፉንም ታያለች። ወርዳ ግን አትናገርም።

ጥዱ «ተፈጥሮ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንኛውም ዛፍ ይበቃ ነበር። ይኸኛው ግን እኩዮቹ ሁሉ በመጥረቢያ የተቆረጡበት፣ ከትውልዱ ብቻውን የቀረ ዛፍ ነው፤ ከሩቅ ከባሕርም ከየብስም ይታያል። ወፉም የዚያን ዘመን ዋጋ ይዞ ነው የሚበርረው፤ ነጭ ላባ ለሴቶች ባርኔጣ ይሸጥ ስለነበር እነዚህ ወፎች በየረግረጉ ይታደኑ ነበር። የታሪኩ ወጣት ለባርኔጣ አያድንም፤ ወፍ የሚወድ ሰው ነው። ሲልቪያን ግራ ያጋባትም ይኸው ነው፦ የሚወዳቸውን ለምን ይገድላቸዋል?

ትእምርት እንዲያውም ጊዜያዊ ሊሆን ይችላል። በዊላ ካተር «ማይ አንቶኒያ» (1918) ውስጥ ልጆቹ ወንዝ ዳር ውለው ሳለ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሩቅ እርሻ ላይ ሰው ትቶት የሄደ ማረሻ ድንገት በፀሐይዋ ክብ ውስጥ ገጥሞ ይታያል። እርፉ፣ ሞፈሩ፣ የብረቱ ጫፍ፣ በቀዩ ላይ ጥቁር ሆነው እንደ ሥዕል። ይህን ይዞ «የአቅኚዎች ገድል» ብሎ ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ካተር ግን እዚያ አላቆመችም። ፀሐይዋ ወደቀች፣ መስኩ ጨለመ፣ ማረሻውም ወደ ትንሽነቱ ተመለሰ። ሁለተኛውን አረፍተ ነገር የቆረጠ ሰው ሌላ መጽሐፍ ነው ያነበበው።

«ዘዬ የሚጻፈው ለማሳቅ ነው»

ለማሳቅ የጻፉበት ነበሩ፤ ባርነትን እንደ ደጉ ዘመን ለማስናፈቅ የጻፉበትም ነበሩ። ቻርልስ ቼስናት ግን ያንኑ ስልት ገለበጠው። በ1887 ባወጣው «ዘ ጉፈርድ ግሬፕቫይን» ላይ ጁሊየስ የሚባል በባርነት የኖረ ሽማግሌ፣ ከሰሜን መጥተው የወይን እርሻ ሊገዙ ላሰቡ ነጭ ባልና ሚስት ያወጋል። ወይኑ አስማት አለበትና አትግዙት ይላቸዋል። ከወይኑ የበላው ሄንሪ የሚባል ባሪያ ጸደይ ሲመጣ እንደ ወይኑ ይለመልማል፤ ክረምት ሲገባ ይጃጃል። ጌታው ይህን አይቶ ሄንሪን ሲያምር በውድ ይሸጠዋል፤ ሲያረጅ በርካሽ መልሶ ይገዛዋል።

የሚያስቅ ተረት ይመስላል። ቀልዱን አንሡትና የሚቀረው በየወቅቱ ዋጋው የሚወጣና የሚወርድ ሰው ነው። በዚያ ላይ ገዢው እርሻውን ከገዛ በኋላ፣ ጁሊየስ ከተተወው ወይን ለዓመታት ደህና ገቢ ያገኝ እንደነበር ይደርስበታል። ስለዚህ ሽማግሌው ማስፈራራቱ ሞኝነት አልነበረም፤ እንጀራውን እየተከላከለ ነው።

ማርክ ትዌይን ደግሞ በ«ሃክልቤሪ ፊን» መግቢያ ላይ የተጠቀመባቸውን ዘዬዎች ይዘረዝራል፤ ሲቆጠሩ ሰባት ናቸው። ይህን የገለጽኩት፣ ካልገለጽኩ አንባቢ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ለመናገር ሞክረው ያቃታቸው ይመስለዋል ብዬ ነው ይላል። ቀልዱ አንባቢው ላይ ነው።

«ደራሲው የዚያው አገር ተወላጅ መሆን አለበት»

ደራሲው ሃምሊን ጋርላንድ በ1894 እንዲህ ዓይነቱን ነገር ተወላጅ ብቻ ነው የሚጽፈው የሚል አቋም ይዞ ነበር። ቆጠራው አይደግፈውም። ሉዊዚያናን የጻፈችው ሾፓን የተወለደችው ሴንት ሉዊስ፣ ነብራስካን የጻፈችው ካተር ቨርጂኒያ፣ ሰሜን ካሮላይናን የጻፈው ቼስናት ክሊቭላንድ ነው። ትዌይንም የሚዙሪ ልጅ ቢሆንም፣ የሚሲሲፒን ወንዝ አብዝቶ የጻፈው ኒው ዮርክና ኮነቲከት ውስጥ ተቀምጦ ነው።

«የናፍቆት ጽሑፍ ነው»

በሜሪ ዊልኪንስ ፍሪማን የ1890 አጭር ልብ ወለድ ላይ አንዲት የኒው ኢንግላንድ ገበሬ ሚስት አዲስ ቤት ቃል ተገብቶላት 40 ዓመት ትጠብቃለች። ባሏ ቤቱ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ላይ ሌላ ጎተራ ይሠራል። ፈረስ ሊገዛ ከአገር ወጣ ሲል ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ልጆቿን ይዛ፣ አዲሱ ጎተራ ውስጥ ትገባለች፤ የፈረሶቹን ክፍል መኝታ ቤት ታደርገዋለች። ናፍቆት የታል?

«ክልላዊ ማለት ገጠርና ያለፈ ዘመን ነው»

አዲስ አበባ ተወልዶ ኢሊኖይ ያደገው ዲናው መንግሥቱ በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ሎገን ሰርክል አንዲት አነስተኛ ግሮሰሪ ውስጥ ነው የሚውለው። ባለሱቁ ሴፋ ከቀይ ሽብር የተረፈ ሰው ነው። ሰፈሩ ይለወጣል፣ ባለገንዘብ ይገባል፣ ቤቶች ይታደሳሉ፣ የነበረው ይገፋል። ከጁዌት ጥድ ጋር ዝምድና አለው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሴፋና ሁለት ጓደኞቹ፣ አንዱ ከኮንጎ አንዱ ከኬንያ፣ አንድ ጨዋታ አላቸው፦ አንዱ የአፍሪካ አምባገነን ስም ይጠራል፤ ሌላው አገሩንና መፈንቅለ መንግሥት ያካሄደበትን ዓመት ይመልሳል። ግድግዳው ላይ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሏል። አደባባዩ ላይ ደግሞ ጄኔራል ሎገን በነሐስ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ነው።