«ሩታ» በሊትዌኒያ ቅጠል፣ በስዊድን መስታወት

ሊትዌኒያና ስዊድን የባልቲክ ባሕር ጎረቤቶች ናቸው። ሁለቱም «ሩታ» የሚል ቃል አላቸው። ስለዚች ቃል የሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው»

አይደለም። በስዊድንኛ ሩታ የደብተር ካሬ ነው፣ የመስኮት መስታወትም ነው። ባለ ካሬ ሸሚዝ «ሩቲግ» ይባላል። በሊትዌንኛ ግን ሩታ ተክል ነው። ያውም የኛው ጤና አዳም የቅርብ ዘመድ! ዝርያቸው ትንሽ ይለያያል እንጂ ወገናቸው አንድ ነው። በሊትዌኒያ ባህል ሩታ የልጃገረድነት ምልክት ነው። ሙሽራዋ የሩታ ጉንጉን ደፍታ ትዳራለች፣ በሰርጉ ላይ ጉንጉኑ ይወልቅላታል። እኛ ቡና ስኒ ውስጥ ጣል የምናደርገውን ቅጠል እነሱ ሙሽራ ራስ ላይ ሲያደርጉት ሳይ በጣም ደስ አለኝ።

«ስዊድኖች ተክሉን አያውቁትም»

ያውቁታል፤ «ቪንሩታ» ይሉታል። «ቪንድሩታ» ካላችሁ ግን የመኪና የፊት መስታወት ሆነ። ስዊድን ያላችሁ፣ ያቺን «ድ» አደራ!

«ቃሉ የጥንት ሊትዌንኛ ነው»

ሊትዌንኛ እጅግ የቆዩ ቃላትን በመጠበቅ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ሩታ ግን መጤ ነው። ተክሉ የሜዲትራኒያን አካባቢ ነው፣ ስሙም ከላቲን የመጣ ነው፤ ላቲን ደግሞ ከግሪክ ወሰደው። የስዊድኑ ካሬ የገባው በጀርመን በኩል ነው። ጀርመኖች ዛሬም «ራውተ» ሲሉ ተክሉንም፣ የካርታ ዳይመንድ የሚመስለውን ቅርፅም ማለታቸው ነው።

«ሩታ የምትባል ሴት ሁሉ ስሟ ከሩት ነው»

እኛ ጋ ሩታ ስንል ወዲያው የመጽሐፍ ቅዱሷ ሩት ትታወሰናለች። የሊትዌንኛው መጽሐፍ ቅዱስም ሩትን «ሩታ» ይላታል፤ መምታታቱ አይፈረድበትም። ግን ሊትዌኒያዊ በስሙ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ተክሉን ነው። ሩታ ሜይሉቲቴን አስታውሱ። በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦሊምፒክ፣ ገና በ15 ዓመቷ፣ በ100 ሜትር የደረት ዋና ወርቅ ያገኘችው ልጅ ናት።

«ሩታባጋም ከዚሁ ነው»

አሜሪካ ያላችሁ ገበያ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ድቡልቡል የሥር አትክልት ነው። ስሙ የመጣው ከስዊድን የገጠር አነጋገር ነው። እዚያ «ሩት» ማለት ሥር ነው፤ ከካሬውም ከቅጠሉም ጋር አይገናኝም። ስዊድኖች ራሳቸው «ኮልሩት» ነው የሚሉት፣ የጎመን ሥር።