ባያድነንም እንኳ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ክስ የተሠራ ፊልም አየሁና ዳንኤል ምዕራፍ 3 ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። አሊ እኮ ሙስሊም ነው፣ ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1967፣ የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሂውስተን ውስጥ ለውትድርና ስሙ ተጠራ። የተጠራ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል፣ በቃ ወታደር ሆነ ማለት ነው። አሊን ደጋግመው ጠሩት። እምነቴ አይፈቅድልኝም ብሎ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። 25 ዓመቱ ነበር፣ ማንም አሸንፎት የማያውቅ የዓለም ሻምፒዮን። ቀበቶውንም የቦክስ ፈቃዱንም ቀሙት። በሰኔ ደግሞ የፍርድ ሸንጎው አባላት (ጁሪ) ጥፋተኛ ለማለት 21 ደቂቃ ብቻ በቃቸው፤ 5 ዓመት እስርና 10,000 ዶላር ተፈረደበት። ይግባኝ ስላለ አልታሰረም፣ ግን መቧቀስም አልቻለም።

እኛ ምስክርነት የምንሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው፣ ሃሌሉያው ላይ። ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ግን ለምስሉ አንሰግድም ብለው እሳት ውስጥ ሊጣሉ ንጉሡ ፊት ሲቆሙ ያድነናል ብለው ብቻ አላበቁም፣ ባያድነንም እንኳ ብለው ጨመሩበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእኔ ጸሎት ውስጥ ይቺ ቃል የለችም።

አሊም መጨረሻውን አያውቅም ነበር። በ1971 ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኞቹ በመጀመሪያ 5 ለ 3 ሊፈርዱበት ነበር። ፍርዱን እንዲጽፉ የተመደቡት ዳኛ ሃርላን ስለ እምነቱ ሲያነቡ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ 4 ለ 4 ሆነ። እኩል ከሆነ ደግሞ የታችኛው ፍርድ ይጸናል፣ ማለትም እስር ቤት! በመጨረሻ ጁን 28 ቀን 8 ለ 0 ነጻ ወጣ። በምን መሰላችሁ? በእምነቴ ምክንያት ከውትድርና ነጻ ልሁን ያለውን ጥያቄ የውትድርና ይግባኝ ቦርዱ ሲከለክል ምክንያቱን አልጻፈም፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ለቦርዱ የሰጠው ምክርም ስህተት ነበረበት። በዚች ቀዳዳ ወጣ።

ሦስቱ ወጣቶች ከእሳቱ ሲወጡ የጢስ ሽታ እንኳ አልነበረባቸውም። አሊ ላይ ነበረ። ሦስት ዓመት ተኩል ሳይቧቀስ ቆይቶ ተመለሰና፣ ፍርዱ ከመሰጠቱ ከጥቂት ወራት በፊት በጆ ፍሬዘር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። ፍርድ ቤቱ እነዚያን ዓመታት አልመለሰለትም።

ለሐሰት ወረቀት አልፈርምም ብላችሁ ሥራ ያጣችሁ፣ ጌታ አውጥቷችሁም ሽታው ከልብሳችሁ ያልለቀቀ፣ ይህን ስጽፍ እናንተን እያሰብኩ ነው።