«ሽንቱ ካልቆመለት መድኃኒቱ ምን ሠራ?» ስለ ልጆች የፊኛ ነርቭ ችግር የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ስፓይና ቢፊዳ (ማህፀን ውስጥ ሳለ የጀርባ አጥንቱ በደንብ ሳይዘጋ የሚቀርበት ችግር) ይዞት የተወለደ ልጅ ጀርባው በቀዶ ሕክምና ቢዘጋም ፊኛውን የሚያዙት ነርቮች እንደተጎዱ ይቀራሉ። ብዙዎቹ ልጆች ላይ ፊኛው ያለ ጊዜው ይኮማተራል፤ የመውጫው ጡንቻ ደግሞ መላላት ሲገባው በዚያው ሰዓት ይጠብቃል። በሩ ተዘግቶበት የሚገፋ ፊኛ ግፊቱ ወደ ላይ ተመልሶ ኩላሊት ላይ ያርፋል። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታዘዘው መድኃኒት፣ ኦክሲቡቲኒን፣ ይህን መኮማተር ያረግባል።

«ሽንቱ ማምለጡን ካላቆመ መድኃኒቱ አልሠራም»

የመድኃኒቱ ዋና ሥራ ልብስ ማድረቅ ሳይሆን ኩላሊት ማትረፍ ነው። የፊኛ ግፊት ከ40 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ሆኖ ከቆየ ኩላሊት የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ይላል። ጉዳቱ አያምም፤ ልጁ እየበላ፣ እየተጫወተ ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል። እንዲያውም መውጫው በጣም የጠበቀበትና ሽንት የማያመልጠው ልጅ ይበልጥ ሊያሰጋ ይችላል፤ ግፊቱ መተንፈሻ የለውምና። የመድኃኒቱ ውጤት የሚለካው በኩላሊት አልትራሳውንድ፣ በክሬያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና፣ ባለበት ቦታ፣ የፊኛን ግፊት በሚለካው ምርመራ ነው።

«መድኃኒት ከጀመረ ካቴተር አያስፈልገውም»

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ነው። ኦክሲቡቲኒን ፊኛን ያላላል እንጂ ሽንት አያስወጣም፤ ብቻውን ሲሰጥ ሽንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፦ መድኃኒቱ ፊኛው በዝቅተኛ ግፊት እንዲይዝ ያደርጋል፣ ካቴተሩ (በሽንት መውጫው የሚገባ ቀጭን ቱቦ) በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ሽንቱን ያስወጣል። ከጀርም የጸዳ ጓንት የግድ አይደለም፤ እጅን በሳሙና መታጠብና ንጹሕ ካቴተር ይበቃል። ይህ አሠራር ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ካቴተሩ ግን ከላቴክስ (ከተፈጥሮ ጎማ) የተሠራ አይሁን፤ እነዚህ ልጆች ለላቴክስ አለርጂ በጣም የተጋለጡ ናቸው።

የወጣውን ሽንት በመለኪያ እየለካችሁ መዝግቡ። ለግምት ያህል የልጁ ዕድሜ ላይ 1 ደምሩና በ30 አባዙት፤ ለ5 ዓመት ልጅ 180 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየጊዜው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ከወጣ በመካከል ያለው ሰዓት ረዝሟል ማለት ነው። ሆድን በእጅ ተጭኖ ሽንት ማስወጣት ደግሞ መፍትሔ አይደለም፤ የተዘጋ በር ላይ ተጨማሪ ግፊት ነው።

«ኪኒኑን ግማሽ ማድረግ ለልጅ ይበቃል»

የልጅ መጠን የሚሰላው በክብደት ነው። በተለምዶ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ገደማ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይሰጣል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ግራም ነው፤ የ5 ሚሊ ግራም ኪኒን ግማሽ (2.5) እንኳ ይበዛበታል። ሽሮፕ ከሆነ ጠርሙሱን በቀየራችሁ ቁጥር መለያውን አንብቡ፤ በ5 ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ያለውም፣ 2.5 ብቻ ያለውም አለ። በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ለኩ። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚሠራው ዓይነት ኪኒን አይፈጭም፣ አይሰበርም፤ ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ልጁ ኪሎ ሲጨምር መጠኑም እንደገና መሰላት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው።

«ፊቱ ከቀላና ከተቃጠለ ወባ ነው»

ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ላብን ይቀንሳል፤ በድሬዳዋ ወይም በገልፍ አገሮች ሙቀት ልጁ ቆዳው ደርቆ፣ ፊቱ ቀልቶ ሰውነቱ ሊግል ይችላል። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ በውሃ አቀዝቅዙት፣ አጠጡት፤ ካልበረደለት ወይም ከደነዘዘ ጊዜ ሳታባክኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የአፍ መድረቅና የሆድ ድርቀትም የተለመዱ ናቸው። ድርቀቱ ቀላል አይምሰላችሁ፦ በሰገራ የተሞላ አንጀት ፊኛን ይጫናል፣ መድኃኒቱ ያመጣውን ለውጥም ይሽራል። በራሳችሁ ከማቋረጥ ይልቅ ለድርቀቱ መድኃኒት ጠይቁ። ኦክሲቡቲኒን ካልተስማማው ሶሊፈናሲን፣ ሚራቤግሮን ወይም ፊኛ ውስጥ የሚወጋ ቦቶክስ አለ፤ ሦስቱም በ2020 እና በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለእነዚህ ልጆች ተፈቅደዋል።

«ሽንቱ ላይ ጀርም ከታየ አንቲባዮቲክ ይሰጠው»

በካቴተር የሚሸና ልጅ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም፣ ማስታወክ ወይም ከወትሮው የተለየ ማምለጥ ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይታከምም፤ ያለ ምክንያት የተሰጠ አንቲባዮቲክ ጀርሙን ያለማምደዋል። ሽንቱ ከሸተተ ብቻ ውሃ ጨምሩለት፣ ፊኛውንም በሰዓቱ ባዶ አድርጉ።

«ሲያድግ ይተወዋል»

በአልጋ ላይ መሽናት ብዙ ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይሄዳል፤ ይህ ግን የነርቭ ጉዳት ነው። ልጁ ቶሎ በሚረዝምበት ወቅት ታችኛው የህብለ ሰረሰር ጫፍ ተጣብቆ ሊወጠር ስለሚችል ችግሩ ሊብስም ይችላል። ደርቆ የነበረው እንደገና ካመለጠው፣ እግሩ ከደከመ ወይም ጀርባውን ካመመው፣ የመድኃኒቱን መጠን ከመጨመር በፊት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ይየው።