ሀኪም ያዘዘው መድሃኒትና ዶፒንግ፦ የባህር ዳር ስፖርተኛ ማወቅ ያለበት

ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ሲታመም የመታከም መብት አለው፣ ይሄን ማንም አይከለክለውም። ግን ሀኪም ስላዘዘለት ብቻ ከዶፒንግ ማለትም ከአበረታች ቅመም ህግ ነፃ አይሆንም። አበረታች ቅመም ሲባል ብዙ ሰው በሀሳቡ የሚመጣለት ተደብቆ የሚወጋ ነገር ነው፣ እኔን ግን ባህር ዳር ላይ የበለጠ የሚያሳስበኝ ከሰፈር ክሊኒክ የሚሰጠው ተራ መርፌና ከፋርማሲ ማንም ሳይጠይቅ የሚሸጠው ክኒን ነው፣ የባህር ዳር ከነማ ተጫዋችም ሆነ ጠዋት ጠዋት በዛዊት ዳገት ላይ የሚሮጥ አትሌት እንደማንኛውም ሰው ስለሚያመው።

ህጉን የሚያወጣው በ1999 የተቋቋመው የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ማለትም ዋዳ ነው (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ መቀመጫው ካናዳ ሞንትሪያል ነው። የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳል፣ ስለዚህ አምና የተፈቀደ መድሃኒት ዘንድሮ ሊከለከል ይችላል። ሜልዶኒየም የሚባለው የልብ መድሃኒት በ2016 ሲገባ ማሪያ ሻራፖቫ ለዓመታት ስትወስደው የነበረ ቢሆንም ተይዛ ተቀጣች፣ መጀመሪያ 2 ዓመት ተፈርዶባት በይግባኝ ወደ 15 ወር ወረደላት። ሰውነትህ ውስጥ የተገኘው ነገር ኃላፊነቱ ያንተው ነው፣ ሀኪሙ ነው የሰጠኝ ማለት ቅጣት ሊያቀል ይችላል እንጂ ጥፋቱን አይሰርዘውም።

ጣና ዳር ወባ ስላለ ብዙ ልጅ የሚጠይቀው ስለ ወባ መድሃኒት ነው፣ ኳርተምም ክሎሮኩዊንም አልተከለከሉም፣ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አሞክሳሲሊን በሙሉ ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ከክኒኑ ጋር አብሮ ከሚሰጠው ነገር ነው። ደክሞኛል ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው ግሉኮስ ይደረግለታል አይደል፣ ለስፖርተኛ ግን በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ስር መውሰድ ውስጡ ያለው ስኳርና ጨው ብቻ ቢሆንም ክልክል ነው፣ ውድድር ባይኖርበትም። ሆስፒታል ገብቶ በእውነት ለሚታከም፣ ቀዶ ህክምና ለሚደረግለት ተፈቅዷል፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ታሞ የተኛ ሰው በዚህ አይጨነቅ፣ የህክምና ወረቀቱን ብቻ ይያዝ። ለድካም ብሎ ክሊኒክ ሄዶ መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዴክሳ ነው። ለአለርጂም ለጉሮሮም ለወገብም የሚወጋው ዴክሳሜታዞን፣ ጉልበት ላይ የሚወጋው ትራያምሲኖሎን፣ ፕሬድኒሶሎን ክኒኑም፣ እነዚህ ስቴሮይዶች በውድድር ጊዜ የተከለከሉ ናቸው፣ መርፌው ደግሞ ከ2022 ጀምሮ የትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ቢወጋ በውድድር ጊዜ ክልክል ነው። ቅባቱ፣ የአይን ጠብታውና በአፍ የሚሳበው በታዘዘው መጠን ከሆነ ችግር የለውም። ከሰውነት የሚወጡበት ጊዜ በጣም ይለያያል፣ ጡንቻ ላይ የተወጋ ዴክሳ 5 ቀን ሲባል ጡንቻ ላይ የተወጋ ትራያምሲኖሎን ግን 60 ቀን ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ! የውድድር ጊዜ የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ከዋዜማው ሌሊት 5፡59 ይጀምራል፣ ጠዋት ሜዳ ስትገባ አይደለም። ትራማዶል የሚባለው የህመም ማስታገሻም ከ2024 ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክሏል። የደም ግፊት ላለበት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ላሲክስ ሽንት ስለሚያቀጥኑና ሌላ ነገር ስለሚሸፍኑ ሁልጊዜም ክልክል ናቸው፣ አምሎዲፒን ግን ይቻላል፣ ሀኪሙ ቀድሞ ካወቀ ያንን መምረጥ ይችላል ማለት ነው።

አስም ያለበት ቬንቶሊን የሚባለውን በአፍ የሚሳብ መድሃኒት ይጠቀማል፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 600 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት 1600 ድረስ ያለምንም ፈቃድ ይቻላል፣ የተለመደው 100 ማይክሮግራም የሚነፋው ከሆነ በ8 ሰዓት 6 ጊዜ ማለት ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ አስም ነበረበት፣ በ2008 የቤጂንግ ማራቶንን በአየር ብክለቱ ምክንያት የተወው ለዛ ነው፣ አስም አለብኝ ማለት የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የተከለከለው መድሃኒት የግድ ካስፈለገ ለህክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፣ ቲዩኢ የሚሉት። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ያለሱ መኖር አይችልም፣ ኢንሱሊን ደግሞ ሁልጊዜም የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ ፈቃዱን አውጥቶ በሰላም ይወዳደራል። ፈቃዱ የሚሰጠው በሽታው በምርመራ ሲረጋገጥ፣ መድሃኒቱ ወደ ጤንነት ከመመለስ አልፎ ጉልበት የማይጨምር ሲሆን፣ ሌላ የተፈቀደ አማራጭ ሲታጣ ነው። በአገር ደረጃ የሚወዳደር ለኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ያመለክታል፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሰ ደግሞ ለዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ። ከውድድሩ 30 ቀን በፊት ማስገባት ነው፣ ማስረጃው ሙሉ ከሆነ መልሱ በ21 ቀን ይመጣል። ድንገተኛ ህመም ሲሆን ከታከሙ በኋላም ማመልከት ይቻላል፣ ህይወት ቀድሞ ይድናል ወረቀቱ ይከተላል፣ ይሄን የማያውቅ አሰልጣኝ ልጁን መድሃኒት እንዳይወስድ ሲከለክል በጣም ያሳዝናል።

የዘጌ ቡና በነፃነት ይጠጣል፣ ካፌይን ክትትል ይደረግበታል እንጂ አልተከለከለም። ጫት ግን ሌላ ነው፣ በባህር ዳር ዙሪያ እንደልብ ስለሚገኝ ቀላል ይመስላል፣ ውስጡ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ የተከለከለ አነቃቂ ነው፣ ካቲን የሚባለው ሌላው የጫት ንጥረ ነገርም በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ያስቀጣል። የባህል መድሃኒትም ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግር ጽሁፍ ስለሌለው ለስፖርተኛ አደጋ አለው።

ምርመራ ላይ ሽንት ስትሰጥ የምትሞላው ፎርም ባለፉት 7 ቀናት የወሰድከውን መድሃኒት ይጠይቃል። የክሊኒኩን መርፌ ስም ሳትጠይቅ ከወጣህ እዚያ ላይ የምትጽፈው አይኖርህም፣ ስለዚህ ከመወጋትህ በፊት ስፖርተኛ መሆንህን ተናገር፣ ስሙንና መጠኑን በወረቀት አስጽፈህ ውሰድ።